«ቢል» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፤ አመጣጡና በንግድ ወረቀቶች ላይ ያሉት ልዩ ልዩ ትርጉሞች

ከውጭ አገር ጋር የሚነግድ ሰው በየቀኑ ከሚያያቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ቢል» የሚለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ለአነጋገርም ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ የውጭ አገር ሻጭ «ቢሉን ልከናል» ብሎ በጻፈ ጊዜ፥ የላከው የሒሳብ መጠየቂያ ይሁን፥ ዕቃው በመርከብ መጫኑን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይሁን፥ ወይም ገዢው ፈርሞ ባለ ዕዳ የሚሆንበት ወረቀት ይሁን፥ ቃሉ ብቻውን አይናገርም። የመጀመሪያው ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይጻፋል፤ ሁለተኛው ቢጠፋ ዕቃው ከመርከቡ ወኪል እጅ በቀላሉ አይለቀቅም፤ ሦስተኛው ሳይነበብ ቢፈረም ዕዳው ፈራሚውን ይከተለዋል። ስለዚህ የዚህን ቃል አመጣጥና ትርጉሞች ለይቶ ማወቅ የቋንቋ ሊቃውንት ሥራ ብቻ ሳይሆን ነጋዴው ገንዘቡን የሚጠብቅበት ዕውቀት ነው።

1ኛ/ የቃሉ አመጣጥ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ድምፃቸው አንድ፥ ትርጉማቸው ግን የተለያየ ብዙ «ቢሎች» አሉ። አንደኛው የወፍ መንቁር ነው። ሁለተኛው ቁጥቋጦ የሚመነጠርበት ጫፉ ቆልመም ያለ ስለት ሲሆን፥ በጥንት ዘመን የእግረኛ ወታደር መሣሪያም በዚህ ስም ይጠራ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረዱ ናቸው። ደግሞም ዊልያም የሚባል ሰው በቁልምጫ «ቢል» ይባላል፤ ይህም ከሌሎቹ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ነጋዴን የሚመለከተው «ቢል» የመጣው ከሮማይስጥ ነው። በሮማይስጥ «ቡላ» ማለት የውሃ አረፋ ማለት ነበር፤ በኢትዮጵያ ከእንሰት የሚገኘው ቡላ በድምፅ ከመመሳሰሉ በቀር ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። አረፋ ክብ ስለ ሆነ ስሙ ለሌላም ክብ ነገር ተሰጠ፤ ቀጥሎም በደብዳቤ ላይ ለሚንጠለጠለው ክብ የእርሳስ ማኅተም መጠሪያ ሆነ። በመካከለኛው ዘመን የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ታላላቅ ደብዳቤዎች በዚህ ዓይነት ማኅተም ይታተሙ ስለ ነበር፥ ከጊዜ በኋላ ደብዳቤው ራሱ በማኅተሙ ስም ተጠራ። በእንግሊዝ አገር በሮማይስጥ ይጽፉ በነበሩ ጸሐፊዎች ዘንድ የመጀመሪያው ድምፅ ከ«ቡ» ወደ «ቢ» ተለወጠ፤ ትርጉሙም ሰፍቶ ማኅተም ያለውንም የሌለውንም፥ አቤቱታንም ዝርዝርንም፥ በጠቅላላው ማናቸውንም የተጻፈ መግለጫ የሚያመለክት ሆነ። ቃሉ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል።

ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ዋጋ እንደማይሰጠው ለሚያውቅ ነጋዴ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንበትም። «ቢል» ከመነሻው ማለት በላዩ ላይ ኃይል ያረፈበት ወረቀት ማለት ነው። ያ ኃይል ምን እንደ ሆነ ግን የሚታወቀው ከቃሉ ጋር በሚጻፈው በሌላው ቃል ነው።

ከዚሁ ሥር ሌሎችም ቃላት ወጥተዋል። በጣልያንኛና በፈረንሳይኛ በኩል ያለፈው «ቡለቲን» ትርጉሙ አጭር ጽሑፍ ወይም መግለጫ ሲሆን የ«ቡላ» የልጅ ልጅ ነው። «ቢሊዮን» ግን ከዚህ ቤተ ሰብ አይቈጠርም፤ እርሱ «ሚሊዮን» ከሚለው ቃል የተሠራ ነው። በእርሱም ላይ ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ አንድ ቢሊዮን ሺህ ሚሊዮን ሲሆን፥ በእንግሊዝ አገር ግን ጥንት የሚሊዮን ሚሊዮን ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት የአሜሪካኑን አቈጣጠር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተጻፈ የእንግሊዝ የሒሳብ መግለጫ የሚያነብ ሰው ይህን ማስታወስ አለበት።

2ኛ/ የሒሳብ መጠየቂያና የወረቀት ገንዘብ

በዕለታዊ አነጋገር «ቢል» ማለት ይህን ያህል ክፈል የሚል የሒሳብ መጠየቂያ ነው። የመብራት፥ የውሃና የስልክ ሒሳብ፥ የሆቴልም ሒሳብ እንደዚህ ይባላል። በዕቃ ንግድ ግን ሻጩ የዕቃውን ዓይነት፥ ብዛትና ዋጋ ዘርዝሮ የሚልከው ወረቀት በአብዛኛው ኢንቮይስ ተብሎ ይጠራል።

እንግሊዞችና አሜሪካኖች በዚህ ቃል አይስማሙም። ለእንግሊዝ የወረቀት ገንዘብ «ኖት» ነው፤ አሜሪካዊው ግን የመቶ ዶላሩን ወረቀት «ቢል» ይለዋል። እንደገናም አሜሪካዊው በምግብ ቤት የሚሰጠውን ሒሳብ «ቼክ» ሲለው፥ እንግሊዙ «ቢል» ይለዋል። ከሁለቱም አገር ሰዎች ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ የጸሐፊውን አገር ካላወቀ በቃሉ ላይ ብቻ ተማምኖ ሒሳቡን ማሰናዳት አይገባውም።

በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያም «ቢል» ይባል ነበር፤ ዛሬ በየመንገዱ ዳር የሚታየው ትልቁ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቢልቦርድ የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በሕንፃ ሥራ የሥራውን ዓይነትና መጠን የሚዘረዝረው ወረቀት «ቢል ኦፍ ኳንቲቲስ» ይባላል፤ በዚህ ስፍራ ቃሉ ዝርዝር ማለት ብቻ ነው።

3ኛ/ የመርከብ ጭነት ሰነድ

ለአስመጪና ለላኪ ከሁሉ የሚበልጠው «ቢል ኦፍ ሌዲንግ» ነው። «ሌዲንግ» መጫን ማለት ነው። ይህ ሰነድ ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፥ የመርከቡ ባለቤት ወይም ወኪሉ ዕቃውን መረከቡን የሚያረጋግጥበት ደረሰኝ ነው። ሁለተኛ፥ ስለ ማጓጓዙ የተደረገው ውል ማስረጃ ነው። ሦስተኛ፥ ለሰው ትእዛዝ ተብሎ የተጻፈ እንደ ሆነ የዕቃው የባለቤትነት ወረቀት ነው፤ ያዡ በጀርባው ፈርሞ ለሌላ ቢያስተላልፈው፥ ዕቃው ገና በባሕር ላይ ሳለ ሊሸጥ ይችላል። ይህ የነጋዴዎች ልማድ እ.ኤ.አ. በ1794 በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ዘንድ ታወቀ።

ሰነዱ ብዙውን ጊዜ በሦስት ዋና ቅጂ ይዘጋጃል። በአንዱ ዕቃው ከተወሰደ ሌሎቹ ሁለቱ ከንቱ ይሆናሉ። ስለዚህ ሦስቱ ሁሉ በባንክ እጅ መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ገንዘብ የሚከፍል ሰው፥ የቀረው አንዱ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ገብቶ ዕቃው ሊወሰድበት ይችላል።

ለላኪውም ሌላ ጥንቃቄ አለ። ጆንያው ተቀድዷል ወይም ርሷል የሚል ቃል በሰነዱ ላይ ከተጻፈ ሰነዱ «ንጹሕ» አይባልም። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2007 ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት የኤል ሲ ደንብ ባንክ ንጹሕ ሰነድ ብቻ እንዲቀበል ያዛል። ስለዚህ ቡናውን በደኅና ጆንያ ያላስጫነ ላኪ ዕቃው መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ገንዘቡ ሊያዝበት ይችላል።

በአውሮፕላን ለሚላክ ዕቃ፥ ለምሳሌ ለአበባና ለሥጋ፥ የሚሰጠው «ኤር ዌይቢል» ነው። ስሙ ቢመስልም ሥራው ልዩ ነው፤ ደረሰኝና የውል ማስረጃ እንጂ የባለቤትነት ወረቀት አይደለም። ዕቃው ሲደርስ የሚሰጠው ወረቀቱን ለያዘ ሳይሆን ስሙ በተቀባይነት ለተጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ ገና ላልከፈለ ገዢ በቀጥታ በስሙ የላከ ነጋዴ ዕቃውን ያለ ዋስትና እንዳስረከበ ይቈጠራል። ገዢው ሳይከፍል እንዳይረከብ የሚፈልግ ላኪ፥ አስቀድሞ ባንኩን አስፈቅዶ ተቀባዩ ባንኩ እንዲሆን ያደርጋል።

4ኛ/ የሐዋላ ወረቀት

«ቢል ኦፍ ኤክስቼንጅ» በአማርኛ የሐዋላ ወረቀት ይባላል። ሐዋላ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ማስተላለፍ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የጣልያን ነጋዴዎች ወርቅና ብር ተሸክሞ መሄድ አደገኛ ስለ ሆነባቸው በዚህ ዓይነት ወረቀት ይጠቀሙ ነበር። የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1882 ባወጣው ትርጉም መሠረት፥ አንድ ሰው ለሌላ ሰው በጽሑፍ አድርጎና ፈርሞ፥ ያለ ምንም ሁኔታ፥ የተወሰነ ገንዘብ በታወቀ ጊዜ ወይም በተጠየቀ ጊዜ እንዲከፍል የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የንግድ ሕግም ስለዚህ ወረቀት ሰፊ ድንጋጌ አለው።

በዚህ ስፍራ አንድ ፊርማ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ትእዛዙ የተጻፈበት ገዢ በወረቀቱ ፊት «ተቀብያለሁ» ብሎ ሲፈርም፥ ዕቃውን ተቀብያለሁ ማለቱ አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ ገንዘቡን ለመክፈል ግዴታ ገብቻለሁ ማለቱ ነው። ከዚያም ወረቀቱ በጀርባ ፊርማ ወደ ባንክ ወይም ወደ ሌላ ሰው ከተላለፈ፥ ዕቃው ጐደሎ ወይም ብልሹ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፥ ነገሩን ሳያውቅ በቅን ልቡና ወረቀቱን የያዘው ሰው ገንዘቡን ይጠይቃል። ገዢው ከሻጩ ጋር ያለው ክርክር ሌላ ጉዳይ ይሆናል።

5ኛ/ በጉምሩክ

እንግሊዞች ያስተዳድሯቸው በነበሩ በብዙ አገሮች የጉምሩክ ዲክላራሲዮን «ቢል ኦፍ ኤንትሪ» ይባላል፤ በዱባይም ስሙ ይኸው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ግን በሕንድ ያለው «ሺፒንግ ቢል» ነው። ስሙን የሰማ የመርከብ ጭነት ሰነድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሕንዳዊው ላኪ ለአገሩ ጉምሩክ የሚያቀርበው የወጪ ዕቃ ዲክላራሲዮን ነው። ዕቃው መርከብ ላይ ከመውጣቱ በፊት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ፥ ዕቃው መጫኑን አያረጋግጥም። ከሕንድ መድኃኒት ወይም የመለዋወጫ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ የ«ሺፒንግ ቢል» ቅጂ ስላየ ብቻ ዕቃው በጉዞ ላይ ነው ብሎ ገንዘብ መላክ አይገባውም።

6ኛ/ በመንግሥት ሥራ

«ትሬዠሪ ቢል» ማለት መንግሥት ለአጭር ጊዜ ሲበደር የሚሰጠው የግምጃ ቤት ሰነድ ነው። በእንግሊዝ አገር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1877 ዋልተር ባጆት በሰጠው ምክር ነው። ወለዱ ለብቻው አይከፈልም፤ ሰነዱ ከተጻፈበት ዋጋ ባነሰ ይሸጣል። ለምሳሌ የ100,000 ብር ሰነድ በ97,000 ብር የገዛ ሰው ጊዜው ሲደርስ 100,000 ብር ይቀበላል፤ 3,000 ብሩ ትርፉ ነው።

በፓርላማ «ቢል» የሚባለው ደግሞ ረቂቅ ሕግ ነው፤ ትርጉሙ የመጣው ሕዝቡ ለንጉሥ ያቀርብ ከነበረው የጽሑፍ አቤቱታ ነው። የውጭ ጋዜጣ አንድ አገር በቡና ላይ ቀረጥ የሚጥል «ቢል» እንደ ቀረበ ቢጽፍ፥ ቀረጡ ገና አልተጣለም ማለት ነው። ረቂቁ ሊሻሻልም ሊቀርም ስለሚችል፥ ነጋዴው ዋጋውን ከመለወጡ በፊት መጽደቁን ይጠብቃል።

7ኛ/ ሊጠበቁ የሚገባቸው ደንቦች

ስለዚህ «ቢል» የሚል ወረቀት የደረሰው ነጋዴ ከመፈረሙና ከመክፈሉ አስቀድሞ አራት ነገሮችን ይመርምር።

ሀ/ ከቃሉ ፊት ወይም ኋላ ያለው ሌላው ቃል ምንድን ነው? በደብዳቤው ላይ ብቻውን ተጽፎ እንደ ሆነ የሰነዱን ሙሉ ስም በጽሑፍ ይጠይቅ።

ለ/ ወረቀቱን የፈረመው ማን ነው? ሻጩ፥ የመርከቡ ወኪል፥ ጉምሩክ ወይስ ባንክ? የሻጩ ፊርማ ብቻ ያለበት ወረቀት ዕቃው መጫኑን አያረጋግጥም።

ሐ/ ግዴታው የሚወድቀው በማን ላይ ነው? ገዢው እንዲፈርም የተጠየቀ እንደ ሆነ፥ የሚፈርመው ለመረከብ ይሁን ለመክፈል ለይቶ ይወቅ።

መ/ ወረቀቱ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላልን? የሚተላለፍ ከሆነ እንደ ጥሬ ገንዘብ በካዝና ይቀመጥ፤ ዋና ቅጂዎቹ ስንት እንደ ሆኑና በማን እጅ እንዳሉም ይመዝገብ።

ዘመኑ ወረቀትን በኤሌክትሮኒክ መልእክት በመተካት ላይ ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ሕግ፥ ተገቢው ጥበቃ ከተደረገለት፥ በኤሌክትሮኒክ የተዘጋጀ የጭነት ሰነድና የሐዋላ ወረቀት ከወረቀቱ እኩል እንዲቈጠር አድርጓል። ሰነዱ በኮምፒዩተር መስኮት ላይ ቢታይም ከላይ የተጻፉት አራት ጥያቄዎች አይለወጡም።