የኮምፒዩተር ጽሑፍ ሳይዛባ የሚጎላበት መንገድ

የንግድ ሥራ የሚመራው በቁጥርና በስም ነው። ቁጥሩ በትክክል ካልተነበበ ሒሳቡ ይፋለሳል፤ ስሙ በትክክል ካልተጻፈ ሰነዱ ዋጋ ያጣል። ዛሬ የዋጋ ማቅረቢያው፣ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና የባንክ ሒሳቡ ሁሉ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የሚነበብ ስለ ሆነ፣ ጽሑፉን ለዓይን በሚስማማ መጠን ማጉላት የምቾት ነገር ብቻ ሳይሆን የጥንቃቄም ነገር ነው።

ነጋዴው በኤልሲ የሚሠራ እንደ ሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ከጁላይ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው፣ ዩሲፒ 600 በሚባለው የዓለም አቀፉ ንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት፣ ባንክ የሚመረምረው ሰነዱን እንጂ ዕቃውን አይደለም። ስለዚህ 38,600 ዶላር የሚለውን 33,600 ብሎ ያነበበ ጸሐፊ በአንዲት አኃዝ የ5,000 ዶላር ልዩነት ያስገባል፤ ዕቃው ምንም ያህል መልካም ቢሆን ባንኩ ሰነዱን ላለመቀበል ምክንያት ሊያገኝ ይችላል። የአማርኛው ፊደልም እንዲሁ ነው። «ሊ»ን ከ«ሌ»፣ «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለያቸው በእግራቸው ላይ ያለ ትንሽ ምልክት ስለ ሆነ፣ ጽሑፉ ከደበዘዘ የደንበኛው ስም በቀላሉ ይለወጣል።

ጽሑፉ ያነሰባቸው ብዙ ሰዎች ሬዞሉሽን የሚባለውን ልክ ዝቅ ያደርጋሉ። ጽሑፉ በእርግጥ ይተልቃል፤ ነገር ግን ይበላሻል። ምክንያቱም የሚከተለው ነው። ስክሪን ቁጥራቸው በተወሰነ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው፤ በብዙ ቢሮዎችና ሱቆች የሚገኘው ዓይነት ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች አሉት። ይህ ከፋብሪካው የተሰጠው ልክ ነው። ሬዞሉሽኑ 1280 በ720 እንዲሆን የተደረገ እንደ ሆነ፣ ኮምፒዩተሩ የሚልከው እያንዳንዱ ነጥብ በስክሪኑ ላይ የአንድ ነጥብ ተኩል ስፍራ መያዝ ይኖርበታል። ግማሽ ነጥብ ለብቻው ሊበራ ስለማይችል ቀለሙ ለጎረቤቱ ነጥብ ይካፈልና የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። 1024 በ768 ተመርጦ ምስሉ መላውን ስክሪን እንዲሞላ ቢደረግ ደግሞ ሌላ ጉድለት ይጨመራል፤ ወደ ጎን የሚለጠጠው ወደ ታች ከሚለጠጠው በሲሶ ስለሚበልጥ ክቡ ማኅተም የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል።

ትክክለኛው መንገድ ነጥቦቹን እንዳሉ ትቶ ፊደሉን ማሳደግ ነው። ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ የሚቀመጠው በመስመርና በቅርጽ መግለጫ ስለ ሆነ፣ በተፈለገው መጠን እንደ አዲስ ሊሣል ይችላል። ቁመቱ 16 ነጥብ የነበረ ፊደል በ125 ከመቶ 20፣ በ150 ከመቶ ደግሞ 24 ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡ በበዛለት መጠንም ጠርዙ ይጠራል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ለሚሠራ ሰው መንገዱ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ሁሉንም በአንድነት ለማጉላት፦ ሴቲንግስን ከፍቶ ሲስተም፣ ቀጥሎም ዲስፕሌይ የሚለውን መምረጥ ነው። በዚያም ሬዞሉሽኑ «ሪኮሜንድድ» በተባለው ልክ ላይ መሆኑን አረጋግጦ፣ ስኬል በሚለው ሥር 125 ወይም 150 ከመቶን መምረጥ ይገባል።

2ኛ/ ጽሑፉን ብቻ ለማጉላት፦ በዊንዶውስ 11 ሴቲንግስ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያም ቴክስት ሳይዝ የሚለው ይከፈታል። መጠኑ ከ100 እስከ 225 ከመቶ ድረስ ሊደርስ ይችላል።

3ኛ/ አንድን የኢንተርኔት ገጽ ብቻ ለማጉላት፦ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ይዞ የመደመር ምልክትን መጫን ይበቃል፤ ኮንትሮልና ዜሮ ወደ ቀድሞው መጠን ይመልሳሉ።

4ኛ/ በኤክሴል የተሠራን ሰነድ ለማጉላት፦ በስክሪኑ ታች በቀኝ ጥግ ያለውን የዙም መንሸራተቻ መሳብ ነው። ይህ እይታውን ብቻ እንጂ የሚታተመውን ወረቀት አይለውጥም። የፊደሉን መጠን ከ11 ወደ 16 ያሳደገ ግን ሰነዱን ራሱን ይለውጣል፤ ደረሰኙ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሊተርፍ፣ ከዓምዱ የሰፋውም ቁጥር ጠፍቶ በስፍራው #### ሊታይ ይችላል።

ስኬሉ ከተለወጠ በኋላ ቀደም ባለ ዘመን የተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ደብዝዞ ቢታይ፣ ነጋዴው ተስፋ ቆርጦ ሬዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግ የለበትም። የፕሮግራሙን ምልክት በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዚያም ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ የሚለውን ይክፈት፤ ከታች በኩል ኦቨርራይድ በሚለው ላይ ምልክት አድርጎ «ሲስተም ኢንሃንስድ» የሚለውን ይምረጥ። ይህ ሁሉንም ፕሮግራም ባያድንም ብዙዎቹን ያጠራል።

በመጨረሻም መጠኑ የተስማማ መሆኑን በሥራ መፈተን ይገባል። አንድ የቆየ ደረሰኝ ተከፍቶ አኃዞቹ ጀርባን ከወንበር ሳያነሡ የሚነበቡ ከሆነ ልኩ ተገኝቷል፤ «ሴቭ» ወይም «ፕሪንት» የሚሉት ትእዛዞች ከስክሪኑ ወጥተው የማይታዩ ከሆነ ግን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በአንዲት አኃዝ ምክንያት ከባንክ የተመለሰን ሰነድ ለማስተካከል ከሚጠፋው ቀንና ገንዘብ ጋር ሲመዛዘን ምንም አይደለም።