መታገሥ ወይስ መታገል?

ስለ ክርስቲያን ትዕግሥት ሲነገር ኢዮብ ይጠቀሳል። ነገር ግን ያው ኢዮብ በምዕራፍ 29 ለድሆች አባት እንደ ነበረ፥ የግፈኛውንም መንጋጋ ሰብሮ የነጠቀውን እንዳስጣለው ይናገራል። እንግዲህ ሰው የራሱን መከራ ቢታገሥ ምግባር ነው፤ በሌላው ላይ የሚደርሰውን ግፍ ግን ዝም ብሎ ማየት ትዕግሥት አይባልም።

በሐረር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 የካቶሊክ መነኮሳት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። ቁስል ማጠብ ታላቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ደዌው ከእግዚአብሔር ነው ቢባል እንኳ ሕመምተኛውን ከሥራና ከማኅበር የሚያገልለው ሰው ነው። ይህን «ታገሥ» ብሎ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአዲስ አበባ ተማሪዎች ስለ ሾላው የለማኞች ማጎሪያ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ተሰልፈዋል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ለተጨነቀው ትዕግሥትን ከመስበካችን በፊት ሸክሙን የጫነበት ማን እንደ ሆነ እንጠይቅ።