ሰኰናና ኵልያት
በመልክእ ስለሚገኙ የአካላት ስሞች

መልክእ የሚደግም ሁሉ እንደሚያውቀው ደራሲው ከራስ ጠጕር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር የቅዱሱን አካላት በየስማቸው እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል። ንባቡ ግእዝ ነውና ብዙዎቻችን ቃሉን በቃላችን ይዘን ትርጓሜውን ሳንጠይቅ እንኖራለን።

በዚህ በይርጋጨፌ መልክአ ማርያምን የሚማር አንድ ደቀ መዝሙር፥ የአፍ መፍቻው ጌዴኦኛ ሲሆን አማርኛን በገበያና በትምህርት ቤት የለመደ፥ ወደ እኛ ቀርቦ «የኔታ፥ ሰኰና የከብት አይደለምን? ለእመቤታችን እንዴት ይነገራል?» አለን። ከቃሉ ሲደርስም አፍሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፍ ኖሯል። አማርኛን ከእናታችን ጡት ጋራ የጠባነው እኛ ይህን ሳንጠይቅ መሸበታችን ያስገርማል!

ሰኰና በግእዝ የሰው ተረከዝ ነው፤ ለከብት እግር ብቻ የሰጠው የዛሬው የአማርኛ ልማድ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዘፍጥረት 3፥15 የጥንቱን ሰኰና ሲጠብቅ፥ የያዕቆብን ልደት በሚተርከው በ25፥26 ግን ተረከዝ ይላል። ዕብራውያን ተረከዝን «ዓቄብ» ይሉታል፤ የያዕቆብ ስምም ከዚሁ ጋራ ይያያዛል። በግእዝም በአማርኛም ሁለቱ ቃላት ድምፃቸው ስለማይገናኝ ይህ ዝምድና ለአንባቢ ይሰወራል።

ኵልያት ማለት ኵላሊት ነው፤ ስሙ ለሁሉ ግልጥ ነው፤ ምስጢሩ ግን አይደለም። በመዝሙር 7 እግዚአብሔር ልብንና ኵላሊትን እንደሚመረምር ሲነገር ስለ ሕመም አይደለም። የጥንት ሰዎች የተሰወረው አሳብና ምኞት በዚያ ያድራል ይሉ ነበርና ነው። እኛስ «አንጀቴ ተላወሰ»፥ «ሆዴ ባባ» እንል የለምን?

ክሳድ አንገት ነው፤ አማርኛ ቢተወውም ትግርኛ እስከ ዛሬ ይጠራበታል። ሕንብርት እምብርት ሆኗል። ብርክ ቦታውን ለጉልበት ለቆ ሳለ «ተንበረከከ» በሚለው ግስና «ብርክ ያዘው» በሚለው ንግግር ተሸሽጎ ይኖራል። ስለዚህ በስግደት ጊዜ «እንንበርከክ» የሚል ካህን ሳያውቀው ግእዝ ይናገራል። የቀረውን ለሚሻ፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው የተረከቡትና ከዕረፍታቸው በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙት መዝገበ ቃላት አለ።

ልጁም በማግሥቱ ሰኰናን ድምፁን ከፍ አድርጎ ካነበበ በኋላ «መከየድስ?» ብሎ ጠየቀን። ኬደ፥ ረገጠ ከሚለው የወጣ፥ ምድርን የሚረግጠው የእግር ጫማ ነው አልነው።