ከሳንባ ነቀርሳ መዳንና ትንፋሽን መልሶ ማግኘት

ስለ ሳንባ ነቀርሳ ስንማር ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው ሕመምተኛው የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ፣ ከአክታው ባክቴሪያው ጠፍቶ «ድኗል» በተባለበት ቀን ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን እንመለከታለን። ቦሌ ሚካኤል የሚኖር አንድ ወጣት ሕክምናውን በሚገባ ጨርሷል እንበል። ሆኖም ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ያርፋል። ቤተሰቡ በሽታው አገረሸበት ብሎ ይሰጋል፤ አለቃው ሰነፈ ይላል። ሁለቱም ተሳስተው ሊሆን ይችላል።

ባክቴሪያው የጎዳው የሳንባ ክፍል የሚሽረው ጠባሳ እየሠራ ነው። ጠባሳ እንደ ጤነኛ ሳንባ አይለጠጥም፤ ትናንሾቹን የአየር ቧንቧዎችም ሊያጠብ ይችላል። የመጥበቡን ዋጋ የሚነግረን ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ሊቅ ዣን ፑዋዜይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840ዎቹ ይፋ ያደረገው ሕግ ነው። በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ሳይናወጥ የሚፈስ ነገር የሚገጥመው ተቃውሞ ከቧንቧው ሬዲየስ አራተኛ አርቢ ጋር ኢ-ርቱዕ ወደረኛ ነው። ሬዲየሱ በ20 በመቶ ቢቀንስ ተቃውሞው 2.4 እጥፍ ያህል፣ በግማሽ ቢቀንስ ደግሞ 16 እጥፍ ይሆናል! ደግነቱ የሳንባ ቧንቧዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ጤነኞቹ የተጎዱትን ይደግፋሉ። ወጣታችን ተቀምጦ ሲጫወት ጉዳቱ የማይታወቀውም ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይታከላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ በሆነው ቦሌ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የኦክስጅን ድርሻ እዚህም 21 በመቶ ነው፤ ከፊል ግፊቱ ግን ከ160 ወደ 120 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። ጤነኛ ሳንባ ይህን ጉድለት ባለው ትርፍ አቅም ይሸፍነዋል። ጠባሳ የበዛበት ሳንባ ግን ያ ትርፍ ተሟጦበታል።

ስፓይሮሜትር የተባለው መሣሪያ በመጀመሪያው ሴኮንድ ምን ያህል አየር እንደሚተነፈስ ይለካል። ሰውየው እንዴት እንደሚኖር ግን አይነግረንም። ለዚህ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች አንዱ «የቅዱስ ጊዮርጊስ የመተንፈሻ መጠይቅ» ነው፤ ስሙን ያገኘው ከለንደኑ ሆስፒታል እንጂ ከአራዳው ጊዮርጊስ አይደለም። ስለ ሳል፣ ስለ ደረጃ መውጣት፣ በሰው ፊት ስለ መሳቀቅ ይጠይቅና ከ0 እስከ 100 ውጤት ይሰጣል፤ 100 የከፋው ነው።

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በሽታው ሊያገረሽ ስለሚችል አስቀድሞ አክታውን ማስመርመር አለበት። ባክቴሪያው ካልተገኘ ግን የነቀርሳ መድኃኒት መድገም የጠበበውን ቧንቧ አያሰፋም። የሚረዳው በባለሙያ የሚመራ የአተነፋፈስና የአካል እንቅስቃሴ ልምምድ፣ እንዲሁም ከሲጋራና ከከሰል ጭስ መራቅ ነው።