ጤና አዳም

ልጆች ሆይ፥ በደጃችን ከሚበቅሉት አትክልቶች አንዱ ጤና አዳም ነው። ለዓይን ያምራል፤ መዓዛውም ከሩቅ ያውዳል። ቅጠሉ ጥቃቅን ነው፤ መልኩም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። አበባው ቢጫ ነው። ቀርባችሁ ብትቈጥሩ፥ በመካከል የፈካችው አበባ 5 ቅጠል፥ የቀሩት ግን 4 4 ቅጠል እንዳላቸው ታያላችሁ። ለጋው ቀንበጥ በቡና ውስጥ ይገባል፤ ፍሬውም ደርቆ ከበርበሬ ጋር ይወቀጣል።

ጤና አዳም እንደ እህል በየዓመቱ አይዘራም፤ አንድ ጊዜ ከጸደቀ ብዙ ዓመት ይኖራል። ሊተክለው የሚወድ ሰው አበባ ካላወጣ ቅርንጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቍረጥ። የታችኛውን ቅጠል አራግፎ እኩሌታውን በለሰለሰ አፈር ይትከል፤ እስኪጸድቅም ጥላ ያብጅለት። ከጸደቀ በኋላ ፀሐይ ይወዳል። ውሃ የሚቋጥር መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። በአንዱና በሁለተኛው ተክል መካከል 50 ሳንቲ ሜትር ይተው።

ሁለት ወንድማማች አንዳንድ ቀንበጥ ተከሉ። ታናሹ ሥር አውጥቶ እንደ ሆነ ለማየት በየማለዳው እየነቀለ ይመለከት ነበር፤ ቀንበጡም ደረቀ። ታላቁ ግን እያጠጣ ታገሠ፤ ከአንድ ወር በኋላ አዲስ ቅጠል አየ። ተክሉ በበረታ ጊዜ ጎረቤቶች ለቡናቸው ይለምኑት ጀመር። እርሱም ማንንም አልከለከለም፤ ነገር ግን ራሱ ቈርጦ ይሰጥ ነበር እንጂ ማንም እንዲነቅል አልፈቀደም። ለታናሹም ቀንበጥ ሰጥቶ፥ «ይህን አትንቀለው፤ ጠብቀው» አለው።

ቅጠሉን የምትለቅሙት ጠል ከደረቀ በኋላ በማለዳ ይሁን። በስል ቢላዋ ለጋውን ጫፍ ቍረጡ እንጂ እንጨት የሆነውን ግንድ አትንኩ። ሲሶውን ወስዳችሁ ሁለቱን እጅ ለተክሉ ተዉለት። ጭማቂው ገላን ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቈስላልና እጃችሁን በጨርቅ ሸፍኑ፤ ከሥራም በኋላ በሳሙና ታጠቡ። ያረገዘች ሴት ልትበላው ወይም ልትጠጣው አይገባትም።

ልጆች ሆይ፥ ትምህርትም እንዲሁ ነው። ዛሬ ፊደል የቈጠረ ልጅ ነገ መጽሐፍ አላነበብሁም ብሎ ቢተወው፥ በማለዳ ቀንበጡን የነቀለውን ልጅ ይመስላል። ሥሩን የሚጠብቅ ሰው ዘወትር ይለቅማል፤ ሥሩን የሚነቅል ግን የሚለቅመው አንድ ቀን ብቻ ነው።