ክብደት ታነሳላችሁ፤ በአንድ እግር ግን መቆም ትችላላችሁ?

ዛሬ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ።

ጂም መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ክረምት ከታክሲ ስወርድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ወለም አለኝ። እብጠቱ ሲቀንስ "በቃ ድኛለሁ" ብዬ ወደ ክብደቴ ተመለስኩ። በሁለት ወሩ ያው እግሬ ደረጃ ላይ በድጋሚ ወለም አለ! ለታካሚዎቼ የምመክረውን ለራሴ ረስቼው ነበር።

👉 ለምን ይደጋገማል?

ሚዛናችንን የምንጠብቀው በዓይናችን፣ በውስጠኛው ጆሯችን እና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል በሚሄድ መልእክት ነው። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል የሚጎዳው ጅማቱ ብቻ አይደለም፤ ይህ መልእክትም ይዛባል። እብጠቱ ቢጠፋም መልእክቱ ካልተስተካከለ እግር በቀላሉ ይከዳል። ጡንቻ ማጠንከር ብቻውን አይበቃም፤ ሚዛንም ልምምድ ይፈልጋል።

👉 እኔ አሁን የምሠራው

✅ ሰውነቴን ካሟሟቅኩ በኋላ፣ ሳልደክም፣ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፤ በየእግሩ 3 ጊዜ
✅ ይሄ ሲቀለኝ ለስላሳ ፍራሽ ላይ መድገም
✅ ተረከዝን ከጣት እያስነኩ በቀጥታ መስመር መራመድ

ጀማሪ ከሆናችሁ ግድግዳ አጠገብ ሥሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች፣ እንዳይወድቁ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን የሚዛንና የጥንካሬ እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ይመክራል። እናትና አባታችሁንም እየደገፋችሁ አሠሯቸው።

⚠️ ወለም ካላችሁ በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃታችሁ ወይም አጥንቱ ሲነካ ካመማችሁ ወጌሻ ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ራጅ ተነሱ።

መልካም ጤና!