ኮሚሽኑን መቼ ነው የምትከፍዪው?

ልጄ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ልትገዢ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። «አንተ ደላላ ስለነበርክ ምከራት» አለች፤ ስድብ ይሁን ምስጋና አልገባኝም። ከ20 ዓመት በላይ መገናኛ ካፌ ተቀምጬ ቤት ሳሻሽጥ ኖሬያለሁ። ደላላ ጡረታ የለውም፤ እኔን ያስቆመኝ ጉልበቴ ነው። አሁን ከማንም የምጠብቀው ኮሚሽን ስለሌለ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ደላላው ለማን እንደሚሠራ እወቂ። ሁሉም «ላንቺ ነው የምለፋው» ይልሻል። እሱ የሚለፋው ውሉ እንዲፈረም ነው። በእኛ ከተማ ልማዱ ከሻጭ 2 በመቶ፣ ከገዢ 2 በመቶ ነው። ለምሳሌ ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢሆን ካንቺ 120,000፣ ከሻጩም 120,000 ብር ይቀበላል። ተከራክሮ 300,000 ብር ቢያስቀንስልሽስ? ካንቺ 6,000፣ ከሻጩ 6,000 ብር ይጎድልበታል። ማለትም አንቺን በጠቀመሽ ቁጥር ከራሱ ኪስ ይቀንሳል። ሌባ ስለሆነ አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲህ ስለሆነ ነው። እኔ ራሴ ሻጩ ዋጋ ሊቀንስ አፉን ሲከፍት በዓይኔ ስንቴ ዝም አሰኝቼዋለሁ!

ስለዚህ በፐርሰንት አትስማሚ። «ከዚህ ዋጋ በታች ካስጨረስክልኝ ይህን ያህል ቁርጥ ብር፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ይህን ያህል» በዪው። ቅር ይለዋል፣ ይነሣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሻጩንም ብቻውን አግኝተሽ የጠራውን ዋጋ ከራሱ አፍ ስሚ፤ ሻጩ 5 ሚሊዮን ተኩል ያለውን 6 ሚሊዮን ብሎ የሚያቀርብ አለና።

2. ከመጠኑ ይልቅ ቀኑ ላይ ድርቅ በዪ። ደላላ ሁሉ ገንዘቡን የሚፈልገው ቀብድ በተያዘ ዕለት ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ አስተማሪ ቤት አሻሻጥኩ። ቀብድ ሰጠ፣ እኔም ኮሚሽኔን በዚያው ቀን ወሰድኩ። ስም ሊያዛውር ሲሄድ ቤቱ ላይ የፍርድ ቤት እግድ ተገኘ። አላውቅም ነበር፤ ግን አልጠየቅሁምም። ለምን ልጠይቅ? ገንዘቤ ኪሴ ገብቷል። ደጋግሞ ደወለ፣ ስልኬን አላነሣሁም። ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው የምለው የለኝም።

ኮሚሽኔ ስም እስኪዛወር ቢቆይ ኖሮ ግን በማግሥቱ ወረዳ፣ በሣልስቱ ክፍለ ከተማ እየሮጥኩ እግዱንም የባንክ ዕዳውንም አጣርቼ ነበር። አንቺ ግማሹን ውሉ ውልና ማስረጃ በተፈረመ ቀን፣ ግማሹን ካርታው በስምሽ ሲወጣ ክፈዪ። ይህን እንቢ ያለ ደላላ ስለ ቤቱ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ወይም ለማወቅ አይፈልግም።

3. «ሌላ ገዢ አሁን ቀብድ ይዞ እየመጣ ነው» ሲልሽ ሻይሽን ቀስ ብለሽ ጠጪ። በእኔ ጊዜ ያ ሌላ ገዢ ብዙውን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ነበር፤ በስልክ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚለው አጭር ነው፤ የሰጠ ቢያፈገፍግ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልሳል። እና ካርታውን ሳታጣሪ ቀብድ አትስጪ። ስትሰጪም በባንክ፣ በሻጩ ስም፣ በጽሑፍ። በደላላ እጅ አምስት ሳንቲም እንዳያልፍ።

4. «ሻጩ ውጭ አገር ነው፣ በውክልና እንጨርሳለን» ከተባልሽ ጆሮሽን አቁሚ። አሜሪካና ዱባይ ያሉ ልጆች ቤታቸውን እንዲህ ነው የሚሸጡት፣ ነውር የለበትም። ግን ወረቀቱ ላይ «መሸጥ» የሚለው ሥልጣን ለይቶ ካልተጻፈ አጠቃላይ ውክልና ቤት አያሸጥም። ውክልና ሊሻር ይችላል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለም ሰጪው ሲሞት አብሮት ይሞታል። ስለዚህ ከሰጠው ቢሮ አጣሪ፣ ባለቤቱንም በቪዲዮ ፊቱን እዪው። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ የግድ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን እስከ 5 ዓመት መሸጥ እንደማይችልም አትርሺ፤ ያን ጊዜ ሳይጠብቁ በውክልና የተሻሻጡ ቤቶች ስንቱን ፍርድ ቤት አመላልሰዋል። ወኪሉ ራሱ ደላላው ከሆነ ቦርሳሽን አንሺና ውጪ።

5. «ዋጋውን አነስ አድርገን ውሉ ላይ እንጻፍ፣ ግብር ይቀንሳል» የሚልሽም አይጠፋም። ነገሩ ቢፈርስ ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን ነው። እምቢ በዪ።

6. ፊርማ ቀን ሦስት ሰው መጥቶ «እኔም አገናኝቻለሁ» እንዳይልሽ፣ ገና ቤት ሳታዪ ከአንድ ደላላ ጋር በወረቀት ተስማሚ፤ ከሌሎቹ ጋር እሱ ይካፈል። ሜሪላንድ ያለው ወንድምሽ ሲነግረኝ ሥቄያለሁ፤ እዚያም ሻጮች በኮሚሽን ጉዳይ ከስሰው፣ ከነሐሴ 2016 ወዲህ አብዛኛው ኤጀንት ክፍያው የተጻፈበት ስምምነት ሳያስፈርም ለገዢ ቤት አያሳይም አሉ። እኛ በካፌ ናፕኪን ላይ እንኳ ብንጽፈው ስንት ጠብ በቀረ።

7. ማንን ትመርጫለሽ? ስንት ዓመት እንደሠራ አትጠይቂው፣ ሁሉም 15 ይላል። ስም የተዛወረላቸውን ሁለት ገዢዎች ስልክ ጠይቂና ሄደሽ ቡና ጠጪባቸው። ንግድ ፈቃዱንም እዪ። ከሁሉ በላይ ግን የቤቱን ጉድ ሳትጠይቂው የሚነግርሽን ያዢ። «ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጄሪካን ትሸከሚያለሽ» ያለሽ ሰው ገበያውን የሚያበላሽ ይመስላል፤ ነገ ግን ስልክሽን ያነሣል።

ቅዳሜ ቤቱን ልታዪ ስትሄጂ እኔም እመጣለሁ። «አጎቴ ነው» በያቸው እንጂ ሥራዬን አትንገሪያቸው።